ጭስ አልባው የድንጋይ ከሰል፣ የእንጨቱ ከሰል ወይስ የቡና ገለባው? ለጅማ ምድጃና ለጅማ ሥራ ፈላጊ

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። መጋቢት ላይ ደመናው መሰብሰብ ከጀመረ አንስቶ መስከረም እስኪያልቅ ድረስ የከሰል ነጋዴው ጆንያውን በሸራ እንደሸፈነ ይከርማል፤ ገዢው ደግሞ ገንዘቡን የከፈለው ለከሰሉ ይሁን ለውሃው ሳያውቅ ተሸክሞ ይሄዳል። ከሂርማታ ገበያ ብዙም የማይርቅ ትንሽ ቁርስ ቤት ስላለኝ ይህን ጣጣ በየወሩ አየዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ ክብ ክብ ጥቁር ጥፍጥፍ በካርቶን ይዞ መጣና «ጭስ የለውም፣ ከአገራችን የድንጋይ ከሰል የተሠራ ነው፣ ልጆቻችንም ሥራ ያገኙበታል» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ነገር ሊሸጥልኝ ሞከረ። ከሦስቱ የገዛሁት ጥፍጥፉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ግን ሳገላብጥ ከረምኩ። በተለይ የእህቴ ልጅ «ዴልቢ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቦታ ሰው ይፈልጋሉ ተብያለሁ፤ ልሂድ?» ብሎ ከጠየቀኝ በኋላ ነገሩ የምድጃ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ማመዛዘኛ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ምን ላንድድ ለሚለውና የት ልቀጠር ለሚለው።

ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሦስት

«ጭስ አልባ» እየተባለ የሚቀርበው ጥፍጥፍ ከሦስት ነገሮች ከአንዱ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ክብ ነው።

የመጀመሪያው ጥሬ የድንጋይ ከሰል ብናኝ ከሸክላ አፈር ወይም ከሞላሰስ ጋር ተለውሶ የተጠፈጠፈ ነው። ይህ ጭስ አልባ የሚሆነው ድንጋዩ አንትራሳይት ከሆነ ብቻ ነው። አንትራሳይት በምድር ሆድ ውስጥ በረጅም ዘመን ግፊትና ሙቀት ጭሱን ቀድሞ የጨረሰ ከሰል ነው፤ በዌልስና በኮሪያ ይገኛል። በእኛ በኩል፣ በጅማ ዞን ዴልቢና ሞዬ፣ በኢሉ አባ ቦር ደግሞ ያዮ ያለው ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል የተቀበረ፣ በከሰል ዕድሜ ገና ወጣት የሚባል ነው፤ ደረጃውም ገና ካልበሰለው ቡናማ ከሰል፣ ከሊግናይት፣ ከአንትራሳይት በታች እስካለው እስከ ቢቱሚነስ ይደርሳል። ሲነድ ይጨሳል። መጠፍጠፉ መልኩን እንጂ ጠባዩን አይለውጥም።

ሁለተኛው በእውነት ጭስ አልባ ሊባል የሚገባው ነው። የድንጋይ ከሰል ሲሞቅ መጀመሪያ የሚተነው ቅጥራንና ጋዝ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለውና ጣሪያ የሚያጠቁረው ይኸው ነው። ድንጋዩን አየር በማይገባበት ዕቃ ዘግተን ወደ 600 እና 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ብናሞቀው ይህ ሁሉ ይወጣና የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል፣ በንጹሕ ፍም የሚነድ ነገር ይሆናል። እንጨት እንደሚከስል ድንጋዩም ይከስላል ማለት ነው። ዘዴውን ለቤት ማገዶ ያዋለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቶማስ ፓርከር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የሠራው ነዳጅ «ኮላይት» በሚል ስም ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል በገበያ ቆይቷል። ከአንድ ቶን ድንጋይ ከሰል የሚገኘው ጭስ አልባ ነዳጅ ሰባት ኩንታል ቢሆን ነው፤ የቀረው ጋዝ፣ ቅጥራንና የቆሸሸ ውሃ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛው ከድንጋይ ጋር ዝምድና የለውም፤ የእንጨት ከሰል ትቢያ ወይም የከሰለ የቡና ገለባ ነው።

የትኛው እንደቀረበልዎት ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንዱን ጥፍጥፍ ሰብረው ከቤት ውጭ በጋለ ፍም ላይ ያስቀምጡት። ቢጫ ያዘለ ወፍራም ጭስ ካወጣና ሽታው መንገድ የሚያነጥፉበትን ሬንጅ ካስታወሰዎት ጥሬ ድንጋይ ነው፤ ለሻጩ ይመልሱለት። በዚህ ላይ አልደራደርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የቤት ውስጥ አየር መመሪያ ያልተቀነባበረ የድንጋይ ከሰል ለቤት ማገዶነት ጨርሶ እንዳይውል መክሯል። ከቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስ ጋር የሚመጣው የሳንባ ካንሰር በተለይ በቻይና ዩናን ምድጃ ሥር የሚውሉ ሴቶችን አጥቅቶ ታይቷል፤ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሴቶችን።

ስለ ሸክላ አፈሩም አንድ ነገር ልጨምር። በቻይና ጉይዦ ገበሬዎች የድንጋይ ከሰል ብናኝን በሸክላ እየለወሱ ያነድዱ ነበር፤ በቆሎና ቃሪያቸውን ደግሞ ከምድጃው በላይ ያደርቁ ነበር። ከሸክላውና ከከሰሉ የሚወጣው ፍሎራይድ እህሉ ላይ እያረፈ የብዙ ሰው ጥርስ በለዘ፣ አጥንት ጎበጠ። በስምጥ ሸለቆ ውሃ የበለዘ ጥርስ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በጅማ ገጠር ቤቶች በቆሎ ከምድጃ በላይ መስቀል የተለመደ ስለሆነ ይህን የማነሳው ለወሬ ማሟያ አይደለም።

በምድጃ ላይ ሲፈተኑ

የእንጨት ከሰልን ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቶሎ ይያያዛል፣ ሽታ የለውም፣ በእፍኝም በጆንያም ይሸጣል፣ ላቀች ምድጃ ላይ ሲነድ ደግሞ ከተራው የብረት ማንደጃ ይቆጥባል። ጥፋቱ ከከተማ ውጭ ነው፤ በአፈር ተሸፍኖ በሚከስለው ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ቡና በጥላ ሥር በሚበቅልበት አገር ዛፍ መቁረጥ ነገ የሚጠጡትን ቡና ዛሬ እንደማንደድ ነው። በባሕር ዛፍ የሚሠራው ይሻላል፤ ነጋዴውን ቢጠይቁት ግን ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው ይልዎታል።

ከድንጋይ ከሰል የተሠራውን ጭስ አልባ ጥፍጥፍ በጓሮዬ ለአንድ ወር ሞክሬዋለሁ። እስኪያያዝ አርባ ደቂቃ ያህል አራግቤያለሁ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ አርባ ደቂቃ ብዙ ነው። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ግን ምስጋና ይገባዋል። የፉሉ ድስት ማገዶ ሳይጨመርለት ለሰዓታት ሲንተከተክ ዋለ፤ በእንጨት ከሰል ቢሆን ሦስት ጊዜ እጨምርበት ነበር። ፍርፍርና እንቁላል ላይ ሲመጣ ደግሞ አልሆነልኝም፤ እሳቱን በፍጥነት ከፍና ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ እንደ ሽማግሌ በራሱ ጊዜ ይነሣል፣ በራሱ ጊዜ ይተኛል።

አመዱ አስገረመኝ። «እሳት አመድ ይወልዳል» ያለው ሰው የእኛን ድንጋይ ከሰል አይቶ የተናገረ ይመስላል። የአገራችን ከሰል አመዱ ብዙ ነው፤ ለፋብሪካ ከመሄዱ በፊት የሚታጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማክሰል ጭሱን ያወጣል እንጂ አመዱን አያወጣም። እንዲያውም ጋዙና ቅጥራኑ ሲወጣ አመዱ በቀረው ውስጥ ድርሻው ይጨምራል። የላቀች ምድጃዬ የወንፊት ቀዳዳዎች በአመድ እየተደፈኑ እሳቱ ታፍኖ ጠፍቶብኛል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሸክላው ከሙቀቱ የተነሳ ተሰነጠቀ። ይህን ነዳጅ የሚመርጥ ሰው ሰፋ ያለ የብረት ወንፊትና ጥልቅ የአመድ ማጠራቀሚያ ያለው ምድጃ መግዣም አብሮ ማሰብ አለበት።

ለጅማ ሰው ወሳኙ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነው፦ ድኝ። ሲከስል የተወሰነው ድኝ ይወጣል፤ የተወሰነው ግን እዚያው ይቀራል። ምግብ በተከደነ ድስት ስለሚበስል ብዙም አይታወቅም። ቡና ግን በክፍት ብረት ምጣድ ይቆላል፤ ቡና ደግሞ የአካባቢውን ሽታ ሁሉ ይስባል። አንድ ቀን በዚህ ፍም ላይ ቆልቼ ያፈላሁትን ቡና አንዲት ደንበኛዬ አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ሲኒውን አስቀመጠች፤ ምንም አላለችም። ዕጣንም ሞክሬበት ነበር፤ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን መሽተቱ ቀርቶ የክብሪት ፋብሪካ መሰለ። ቡና የምታፈላ ሴት ይህን ነዳጅ ከነጭራሹ ትርሳው።

የቡና ገለባ ጥፍጥፍ በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀ የቡና ፍሬ፣ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ጌራ በየመፈልፈያው ጓሮ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ይበሰብሳል ወይም በሜዳ ይቃጠላል። ገለባው በበርሜል ከስሎ፣ ተፈጭቶ፣ በጥቂት ማጣበቂያ ሲጠፈጠፍ ያለ ጭስና ያለ ድኝ ሽታ ይነዳል። ሙቀቱ ከጥሩ የእንጨት ከሰል ዝቅ ይላል፤ አመዱም ከፍ ይላል፤ ቢረጥብ ይፈርሳል። ትልቁ ችግሩ ጥራቱ አለመደላደሉ ነው፤ የዛሬው ጥፍጥፍ ሲያኮራ የነገው በእጅ ላይ ይበተናል። ማጣበቂያው ላይ የሰነፈ አምራች ብዙ ነው።

ኤሌክትሪክ መብራት ሲኖር ይበልጣል። ጊልጌል ጊቤ አንድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት እያመነጨ በዚሁ በጅማ ዞን ተቀምጧል፤ እንጀራ በምጣድ መጋገር ለሚችል ቤት ሌላውን ማወዳደር አያስፈልገውም። አንድ ምጣድ ወደ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ስለሚስብ ግን በጋራ ቆጣሪ ለሚኖር ተከራይ ነገሩ ከአከራይ ጋር ጠብ ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉንም የሚመለከት ማስጠንቀቂያ። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የእንጨት ከሰልም፣ የድንጋዩም፣ የገለባውም ፍም ያወጣዋል። እንዲያውም ጭስ ሰውን ያስነጥሳል፣ በር ያስከፍታል፤ ጭስ አልባው ግን ሰው ዘግቶ እንዲተኛ ያደፋፍራል። የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላን ባቶር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ጥሬ ከሰል ማንደድን ከልክላ ለነዋሪው ጥፍጥፍ አደለች፤ የከተማው አየር ተሻሻለ፤ ነገር ግን ሰዎች አዲሱን ነዳጅ በአሮጌው ምድጃ እያነደዱ በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ብዙዎች ተመረዙ፣ የሞቱም ነበሩ። የጅማ ብርድ የኡላን ባቶር አይደለም፤ በክረምት ሌሊት ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው ግን አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ።

ጭሱ የት ሄደ?

ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል። ነጋዴው «ጭስ የለውም» ሲለኝ ልጠይቀው የሚገባኝ «ታዲያ የት ሄደ?» ብዬ ነበር። ድንጋዩ ውስጥ የነበረው ቅጥራን አልጠፋም፤ ከእኔ ማዕድ ቤት ወደ ሌላ ሰው መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ይህን የሚያሳይ አንድ ሰፈር በደቡብ ዌልስ አለ፤ አበርኩምቦይ ይባላል። እዚያ የነበረው ፋብሪካ የከሰል ብናኝን በቅጥራን ዝቃጭ እየለወሰ «ፈርናሳይት» የተባለ ጭስ አልባ ጥፍጥፍ ያመርት ነበር። የለንደንና የሌሎች ከተሞች ቤቶች ሲነጹ የአበርኩምቦይ ልብስ ማስጫ ገመድ ጠቆረ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘጋ፤ በ2012 ደግሞ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከቀድሞ ሠራተኞቹ በአንዳንዶቹ ላይ የደረሰው የሳንባ ካንሰርና የመተንፈሻ በሽታ ከፋብሪካው ብናኝና ጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተቀበለ።

እኛ አገር ይህ ሥራ ቢስፋፋ የሚከስለው ምናልባት በተዘጋ ዘመናዊ ምድጃ ላይሆን ይችላል፤ በበርሜል፣ በጓሮ፣ ጭምብል በሌለው ልጅ እጅ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ነዳጁን ሲመርጡ የሚያመርተው ሰው ምን እንደሚተነፍስ መጠየቅ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው ነገ የራስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ሥራውስ?

ነጋዴው ያለው ሦስተኛው ነገር ይህ ነበር፤ «ልጆቻችን ሥራ ያገኙበታል»። እስቲ በእርሳስና በወረቀት እንየው።

አንድ ቤተሰብ በወር ሠላሳ ኪሎ ጭስ አልባ የድንጋይ ከሰል ያነዳል እንበል። በዓመት 360 ኪሎ ነው። አሥር ሺህ ቤተሰብ ቢገዛ 3,600 ቶን ይሆናል። ሲከስል ከአሥር ኩንታል ሰባቱ ብቻ ስለሚቀር የሚቆፈረው ወደ 5,100 ቶን ነው። አንድ ሰው በእጅ በቀን አንድ ቶን ያወጣል፣ በዓመትም 250 ቀን ይሠራል ብንል ይህን ሁሉ ለማውጣት ሃያ ቆፋሪ ይበቃል። አመዱ ስለሚበዛ አንድ ኪሎው አንድ ኪሎ የእንጨት ከሰል አይተካም ብለን እጥፍ ብናደርገው አርባ ሰው። ኤክስካቫተር ሲገባ ደግሞ በጣት የሚቆጠር።

እነዚያው አሥር ሺህ ቤቶች አሁን የሚያነድዱት የእንጨት ከሰል በሠላሳ ኪሎ ጆንያ ሲለካ በዓመት 120,000 ጆንያ ነው። አንድ ከሰል አክሳይ በዓመት ሁለት መቶ ጆንያ ያወጣል ብንል ስድስት መቶ ሰው ይኖርበታል፤ አህያ ነጂውን፣ መንገድ ዳር በቆርቆሮ እየሰፈረች የምትሸጠውን ሴት ሳንቆጥር። የወሰድኳቸው ቁጥሮች የእኔ ግምቶች ናቸው፤ እርስዎ በሚያውቁት ይቀይሯቸው። ግማሽ ቢያደርጓቸው እንኳ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ አይለወጥም። የከሰል ማክሰሉ ሥራ ይቀጥል እያልኩ አይደለም፤ ዛፉን አይቻለሁ። ነገር ግን «ሥራ ይፈጥራል» የሚለው ሰው የሚያጠፋውንም ሥራ አብሮ መቁጠር አለበት።

የጥፍጥፍ ገበያ ማዕድን ቆፋሪን ማኖር ይችላል የሚለውን ተስፋ ብሪታንያ ቀድማ ሞክራዋለች። ለንደን ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1952) ድረስ በገዛ ከሰሏ ጭስ ታጠነች፤ የእኛ «ኅዳር ሲታጠን» በሁለት ሳምንት የሚቀድመው ነው። የሞተው ሰው በወቅቱ አራት ሺህ ያህል ተብሎ ተገመተ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት እስከ አሥራ ሁለት ሺህ አድርሶታል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣና ጥሬ ከሰል በብዙ ከተሞች ተከለከለ። ጭስ አልባ ነዳጅ የማዕድን ሠራተኛውን ያተርፈዋል ተብሎ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት። ቤተሰቡ ግን ወደ ጥፍጥፉ ሄዶ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰሜን ባሕር ጋዝ ተገኘ፣ ከዚያ ቱቦ በየቤቱ ገባ። ባቡሩም ከሰል ተወ፣ መቆፈሪያውም ማሽን ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 የዘለቀው የሥራ ማቆም ትግልና የጉድጓዶቹ መዘጋት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰው የነበረበት ሥራ በ2015 የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ ሲዘጋ አበቃ። የሚገርመው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጥሬ ከሰልን ለቤት መሸጥ ስትከለክል የጥፍጥፉ ንግድ ደርቷል፤ ግን አንትራሳይቱ ከውጭ የሚመጣ፣ ሌላው ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ነው። ጥፍጥፉ ኖረ፤ ቆፋሪው አልኖረም።

በኮሪያም እንዲሁ። ዮንታን የሚሉት ባለ ቀዳዳ የአንትራሳይት ጥፍጥፍ ለአንድ ትውልድ ቤቱን ሁሉ ሲያሞቅ የቴቤክ አካባቢ ከተሞች በቆፋሪ ተሞልተው ነበር። ጋዝ ሲመጣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ጉድጓዶቹን መዝጋት ያዘ፤ ሥራ ላጣው አካባቢ ከተሰጠው መካሻ አንዱ በ2000 የተከፈተ ካዚኖ ነው። ከሰል ቆፋሪውን በቁማር ቤት መካስ ማን እንዳሰበው እንጃ።

ታዲያ የዴልቢ ቆፋሪ ሥራው በምን ላይ ቆሟል? በእኔ ምድጃ ላይ አይደለም። የአገር ውስጥ ድንጋይ ከሰል ትልቁ ገዢ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ለረጅም ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ያስመጡ ነበር፣ የውጭ ምንዛሪው ሲጠብቅ ፊታቸውን ወደ አገር ውስጥ መለሱ። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን የተጋገረ ድንጋይ፣ ለማብሰል እንደ ከሰሉ ጥራት አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ከሰል ይሄዳል። ስለዚህ ለማዕድን ሠራተኛው የዕለት እንጀራ ከጭስ አልባ ጥፍጥፍ ይልቅ የማጠቢያ ፋብሪካው አመዱን መቀነስ መቻሉና ሲሚንቶ መፈለጉ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ጥፍጥፉ ሊጠቅም የሚችልበት አንድ ቦታ አለ፦ ከማጠቢያው የሚወድቀውን ደቃቅ ብናኝ ሰብስቦ ማክሰል። ብናኙ አለበለዚያ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ የሚገባ ነው። ይህ ሥራ ግን ቆፋሪ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ምድጃ የሚቆጣጠር፣ የሚመዝን፣ የሚጠፈጥፍ ሰው ነው።

የገለባው ሥራ በሰው ብዛት ይበልጣል። ገለባ ቀላልና ግዙፍ ስለሆነ መሰብሰቡ፣ ማጓጓዙ፣ ማክሰሉ ሁሉ ጉልበት ይበላል። ደመወዙ ግን የቡናው ወቅት እስካለ ድረስ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደርቶ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ጥፍጥፉም በዝናብ አይደርቅም። ማዕድን ቦታ ቢያንስ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ አለ ይባላል። ደግሞም መሬቱን አንርሳ፤ ያዮ የቡና ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ከሰሉ ያለው ከዚያው አገር መሬት ሥር ነው። ክፍት ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከላይ ያለውን ቡና ሳያነሳ ከሥር ያለውን ከሰል አያገኝም።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ

ፉል፣ ባቄላ፣ የሥጋ ቅቅል ለሰዓታት የሚጥድ ምግብ ቤት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ወይም ክፍት ጓሮ ካለው፣ በትክክል የከሰለውን የድንጋይ ከሰል ይሞክር፤ ሁለት ካርቶን ገዝቶ እንጂ ለዓመት ተዋውሎ አይደለም። ሲገዛ በካርቶን ብዛት ሳይሆን በሚዛን ይግዛ። ከዚያ አንድ ኪሎ ከእንጨት ከሰል፣ አንድ ኪሎ ከአዲሱ መዝኖ በአንድ ዓይነት ድስት አንድ ዓይነት ውሃ ያፍላ፤ በመጨረሻም አመዱን ይመዝን። ከኪሎው ሦስት መቶ ግራም አመድ የተረፈው ሰው የገዛው ሰባት መቶ ግራም ነዳጅ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ያካፍል።

ቡና የምታፈላ ሴትና በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ የገለባውን ጥፍጥፍ ይሞክሩ፤ ካላመኑት በእንጨት ከሰልና በላቀች ይቆዩ። ሁለቱንም ውጭ እስኪፋፋሙ ድረስ አቆይቶ ማስገባት፣ ሲተኙ ማውጣት ግዴታ ነው። እንጀራ በኤሌክትሪክ። እኔ አሁን ፉሉን በድንጋዩ፣ ቁርሱን በእንጨት ከሰል፣ ቡናውን በገለባው አድርጌያለሁ፤ ሦስት ምድጃ መደርደሩ ለጎረቤት መሳቂያ ቢያደርገኝም።

ለእህቴ ልጅ «አትሂድ» አላልኩትም። በሃያ ዓመቱ የወር ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ ረስቼ አይደለም። አምስት ጥያቄ ጽፌ ሰጠሁት። ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ክፍያው በቀን ነው ወይስ በቶን? በቶን ከሆነ ዝናብ ሥራ ሲያስቆም ማን ይከፍላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለውን በቀን ስምንት፣ በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት ያከብራሉ ወይ? ጡረታ፣ አሠሪው 11 ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ በስምህ ይገባል ወይ? አምስተኛው ስለ ጉድጓዱ ነው፤ ከክረምት በኋላ ግድግዳው በማን ይፈተሻል፣ ጭምብሉስ በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

ሐሙስ ሄዶ ቅዳሜ ማታ ተመለሰ። ከአምስቱ የሁለቱን መልስ ይዞ መጥቷል፤ ክፍያው በቶን ነው፣ ውሉ በቃል ነው። ለቀሩት «ሰኞ የሚመለከተው ሰው ይመጣል» ተብሏል። ሰኞ በጠዋቱ መኪና ይሳፈራል፤ ወረቀቷን ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ሲያስገባት አይቻለሁ።